ስልኩን ቀን በትምህርት ቤት በር ላይ ቀምተን፣ ሌሊት ትራሳቸው ስር እንመልስላቸዋለን



ሰሞኑን በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። "ዶክተር፣ ልጄ ስልክ ይዛ ትምህርት ቤት ትውላለች። ጨረሩ ካንሰር አያመጣባትም ወይ?" ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ስልክ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ "ጨረር ተከላካይ" ስቲከር ፎቶ አንስታችሁ "ይሠራል? ልግዛ?" ብላችኋል።

አጭሩ መልስ፦ አትግዙ። ረጅሙ መልስ ግን ብዙዎቻችሁን ደስ ላያሰኝ ይችላል። ምክንያቱም ጣቴን የምቀስረው በስልኩ ላይ ብቻ አይደለም፤ በእኛ በትልልቆቹ ላይም ነው።

መጀመሪያ ጨረሩን እንገላገለው

ጨረር ሁሉ አንድ አይደለም። የራጅና የሲቲ ስካን ጨረር የህዋሳችንን ዲኤንኤ የመስበር ኃይል አለው፤ ያለ ምክንያት የማናዘውም ለዚህ ነው። ስልክ የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ግን ይህን የሚያደርግ ኃይል የለውም።

"የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ የለ?" ትሉኝ ይሆናል። በድርጅቱ ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን "2ቢ" በሚባል ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ምድብ ማስረጃቸው ውስን የሆነና ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልጋቸው ነገሮች የሚቀመጡበት ነው። የእሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በዚሁ በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ግምገማ 63 ጥናቶችን መርምሮ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ከ10 ዓመት በላይ በተጠቀሙ ሰዎችም ላይ ቢሆን አላገኘም። ስልክ በዓለም ላይ እንደዚህ ሲበዛ የአንጎል ካንሰር አብሮ አልጨመረም።

ስቲከሩስ? ሞገዱን በእርግጥ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ስልኩ ኔትወርክ አያገኝም ነበር፤ ወይም ኔትወርክ ለማግኘት የበለጠ ኃይል ያወጣ ነበር። ገንዘባችሁን አትጣሉ።

ይህን ሁሉ የምለው "ስልክ ምንም አይልም" ለማለት አይደለም። የተሳሳተ ጠላት ስናሳድድ ትክክለኛው ቤታችን ገብቶ ተኝቷል። እንዲያውም እሱ ተኝቷል፤ ያልተኙት ልጆቻችን ናቸው።

የ15 ዓመቷ ልጅ ራስ ምታት

ታሪኩን ማንነቷ እንዳይታወቅ አድርጌ ለውጬዋለሁ። አንዲት እናት የ9ኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷን ራሷን ያማታል፤ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ውጤቷ ወርዷል። እናትየው ገና ሳይቀመጡ "ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ፤ ይሄ የስልክ ጨረር አንጎሏን ነክቶት ነው" አሉ። የልጅቷ ስልክ ጀርባ ላይ ያ ስቲከር ተለጥፏል።

መረመርኳት። የደም ግፊቷ ደህና ነው። ትኩሳት የለም፣ ትውከት የለም፣ የነርቭ ምርመራዋ ደህና ነው። "ስንት ሰዓት ትተኛለች?" ስል እናትየው "በ4 ሰዓት መብራት አጠፋለሁ" አሉ። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። እናትየውን ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንዲቆዩ ጠየቅኋቸው።

"አሁን ንገሪኝ፤ ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?"

"ሰባት ሰዓት። አንዳንዴ ስምንት።"

"ስልኩ የት ነው የሚያድረው?"

"ትራሴ ስር።"

ፊልም ታያለች፣ ቲክቶክ ላይ ትቆያለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የክፍሏ ልጆች የከፈቱት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። እዚያ ላይ በተራ በተራ የአንድ ልጅ ፎቶ ይለጠፍና ይሳቅበታል። ከሁለት ወር በፊት ተራው የእሷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ግሩፑን ትጠብቃለች። "ከተኛሁ ጠዋት ክፍል ስገባ፣ ምን እንደተባለ የማላውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ" አለችኝ።

ልብ በሉ። የዚህች ልጅ ትምህርት ቤት ስልክ ይከለክላል። ጠዋት በር ላይ ጥበቃዎች ቦርሳ ይፈትሻሉ። ቀኑን ሙሉ ስልክ አትነካም። ትምህርት ቤቱ ግን 9 ሰዓት ላይ አይዘጋም፤ ማታ ትራሷ ስር እንደገና ይከፈታል። የዚያኛው ክፍል ደግሞ መምህር የለውም፣ ደወል የለውም፣ ማምለጫ በርም የለውም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ የሚያድግ አንጎል ቀለብ ነው። በቀን የተማረው ነገር በማስታወስ ችሎታው ውስጥ የሚሰፍረው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ቀን የሰማው ትምህርት በተቀደደ ከረጢት ውስጥ እንደተሰፈረ ጤፍ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ የሚጠብቅ ልጅ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። 8 ሰዓት ለመተኛት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። በዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ አታግዘውም፤ በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከልጅነት ጊዜ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ "አልመጣልኝም" ሲል ሁልጊዜ ውሸቱን አይደለም። እኛ ግን ዓይኑ ላይ ደማቅ ብርሃን፣ እጁ ላይ የማያልቅ ቪዲዮ፣ በዚያ ላይ ከቀኑ የሚረክስ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ጨምረንለታል። "በሌሊት ርካሽ ነው" እያለ የሚነቃው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ሒሳብ አዋቂ ነው። የከፈለውን ዋጋ የሚያየው ግን ጠዋት ነው።

በታዳጊዎች ላይ የእንቅልፍ እጦት ከራስ ምታት፣ ከንዴትና ከትኩረት ማጣት አልፎ ከድብርት፣ ራስን ከመጉዳትና ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። በወቅቱ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣን የነበሩት ዶክተር ቪቬክ ሙርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ መሆኑን አስታውቀዋል። ሚዲያው ድብርቱን አመጣ ወይስ የተደበረው ልጅ ሚዲያው ላይ ተጣበቀ የሚለው ገና ያከራክራል። እንቅልፍ ማጣት ግን ክርክር አያስፈልገውም። ያልተኛ ልጅ ይታመማል።

ለትምህርት ቤቶች የምለው አለኝ

በትምህርት ሰዓት ስልክ መከልከልን እደግፋለሁ። ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው ፒዛ በተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና፣ ከተማሪዎቹ 65 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዳንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች በስልክና በመሰል መሣሪያዎች ሐሳባቸው እንደሚበተን ተናግረዋል። በእንግሊዝ አራት ከተሞች በ91 ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ስልክ ከተከለከለ በኋላ የተማሪዎች ውጤት መሻሻሉን አሳይቷል፤ ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት በውጤት ደከም ያሉት ተማሪዎች ነበሩ። ጎበዙ ስልክ ኖረም አልኖረም ይማራል። ክልከላው የሚያድነው ደከም ያለውን ነው።

ግን እዚህ ላይ አናቁም። እ.ኤ.አ. በ2025 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 30 ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረው ነበር። ስልክ በሚከለክሉትና በሚፈቅዱት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መካከል በአእምሮ ጤና ረገድ ልዩነት አላገኙም። በቀን ውስጥ በጠቅላላው ስልክ ላይ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፉት ግን የአእምሮ ጤናቸውም፣ እንቅልፋቸውም የከፋ ነበር። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ በር ላይ መቀማት ለክፍለ ጊዜው ይጠቅማል፤ ልጁን ግን ብቻውን አያድነውም።

የእኛ ትምህርት ቤቶች ስልክን የሚያዩት እንደ ፈተና መስረቂያ ነው። አልፈርድባቸውም፤ በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ ተሰርዞ በድጋሚ እንደተሰጠ ሁላችንም እናስታውሳለን። ግን ደንቡ ሁሉ ስለ ፍተሻ፣ ስለ መውረስና ስለ ወላጅ ማስፈረም ብቻ ሲሆን፣ ስለ ልጁ ጤና የሚናገር አንድ መስመር እንኳ ሲጠፋ ያሳዝናል።

ሌላም አለ። ቀን ስልክ የሚወርሰው ያው ትምህርት ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልካል! ልጁ "እማዬ፣ የቤት ሥራ እያየሁ ነው" ሲል እናት ምን ትላለች? ጥቁር ሰሌዳ ላይ በ10 ደቂቃ ሊጻፍ የሚችለውን ነገር በፎቶ ለመላክ ሲባል፣ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ሌሊቱን በሙሉ ስልክ የመያዝ ፈቃድ እንሰጠዋለን። እባካችሁ መምህራን፣ የቤት ሥራውን ክፍል ውስጥ ስጡ። መላክ ግድ ከሆነ ደግሞ ከ11 ሰዓት በፊት ላኩ።

ሜዳውስ? አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ፣ ልጆች የሚሮጡበት ግቢ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። በቻይናዋ ጓንዡ ከተማ በተሠራ ጥናት፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጭ እንዲያሳልፉ ከተደረጉት የአንደኛ ክፍል ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ ማዮፒያ፣ ማለትም ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር፣ የያዛቸው 30 ከመቶ ያህል ነበሩ። ካልተጨመረላቸው ግን 40 ከመቶ ያህሉን ይዟቸዋል። የቀን ብርሃን ለዓይን መድኃኒት ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። ስልኩን ስትወስዱበት በምትኩ ኳስ ስጡት። ባዶ እጁን ኮሪደር ላይ የቆመ ልጅ የሚያስበው ስለ ስልኩ ብቻ ነው።

"ግን እኮ ዶክተር..."

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ።

"ልጄን ማግኘት አለብኝ፤ መንገድ ላይ ምን ይገጥመዋል?" ትክክለኛ ስጋት ነው። ለመደወል ግን ኢንተርኔት አያስፈልግም። ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልክ ትደውላለች፣ ትቀበላለች፣ ባትሪዋ ለቀናት ይቆያል። ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው እሷን ይሁን።

"እኛም ቴሌቪዥን እያየን ነው ያደግነው።" ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነበር፤ ሁሉም ሰው ያየዋል። ፕሮግራሙ ያልቅ ነበር። ትራስ ስር አልገባም፤ የክፍል ጓደኞቻችሁም በእሱ ውስጥ ሆነው አልሰደቧችሁም።

"ከዘመኑ ወደኋላ ይቀራል።" ስልክ መጠቀም ለመልመድ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። የጠፋ የጉርምስና እንቅልፍ ግን በአንድ ቅዳሜ አይመለስም።

አንዱ ተቃውሞ ግን አፌን አስይዞኛል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከአያቱ ጋር መጣ። እሱም እንቅልፍ የለውም። እኔም ገና ከመጀመሪያው "ስልክህን ለአያትህ ስጥ" ማለት ጀመርኩ። አያቱ ክንዴን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ እናቱ ሪያድ ናት። ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ የምትገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ካላገኘችው መቼ ታየዋለች?" አሉኝ።

ለዚያ ልጅ ስልኩ እናቱ ነው። "ቀሙት" ማለት ከእናቱ ለዩት ማለት ነው። አያትየው ባይነግሩኝ ኖሮ ይህንኑ አዝዤ እሸኘው ነበር። በመጨረሻ ከእናቱ ጋር በስልክ ተነጋግረን ተስማማን፦ ትምህርት በማይኖርበት ማግስት፣ ማለትም አርብና ቅዳሜ ሌሊት፣ በቪዲዮ ያወራሉ። በሌሎቹ ቀናት እሷ ድምጿን ቀርጻ ትልካለች፤ እሱ ጠዋት ቁርሱን እየበላ ይሰማል፤ መልሱን ቀርጾ ይልክላታል። ስልኩም አያትየው ክፍል ያድራል። እናትየው መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ግን "ከምትደክምብኝ ድምፄን ጠዋት ስማው" አሉት።

ይህን የነገርኳችሁ ለአንድ ምክንያት ነው። ልጁን ሳትጠይቁ ስልኩን አትቀሙ። ሌሊት ለምን እንደሚነቃ ካላወቃችሁ፣ ከእጁ የምትወስዱት እናቱን ይሁን፣ ጨዋታውን ይሁን ወይም ፍርሃቱን፣ አታውቁም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለወላጆች፦

1. በቤታችሁ ለሁሉም ስልክ አንድ ማደሪያ አዘጋጁ፤ ሳሎን ወይም እናንተ ክፍል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የሁሉም ሰው ስልክ እዚያ ቻርጅ ይደረግ። የሁሉም ስል የእናንተንም ማለቴ ነው። አባት አልጋው ላይ ፌስቡክ እያየ ልጁን "ተኛ" ቢል ማን ይሰማዋል? እኔም ብሆን ተረኛ ባልሆንኩበት ሌሊት ስልኬን ሌላ ክፍል ማሳደር የጀመርኩት ራሴን ታዝቤ ነው።

2. "አላርሙ ስልኬ ላይ ነው" ለሚል ልጅ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት። ከስቲከሩ የተሻለ የጤና ወጪ ነው።

3. ስልክ ትራስ ስር ቻርጅ አይደረግ፤ ይሞቃል፣ አደጋም አለው።

4. "ስንት ሰዓት ተኛህ?" ብቻ ሳይሆን "ማታ ማን ጻፈልህ? ምን አለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳትቆጡ ጠይቁ። የሰደቡትን ልጅ "ስልክህን አምጣ" ብላችሁ ከቀጣችሁት፣ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

5. በፎቶ የሚያስፈራራ ሰው ካለ መልእክቱን አታጥፉ፤ ለማስረጃ አስቀምጡና ለትምህርት ቤቱና ለፖሊስ አሳውቁ። ጥፋተኛዋ ልጃችሁ አይደለችም።

ለታዳጊዎች (ይህን የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ)፦

ስልክ ስታዩ ዓይናችሁ የሚርገበገብበት ቁጥር ስለሚቀንስ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ። ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንገታችሁን ደፍታችሁ ሰዓታት ስትቆዩ የአንገትና የትከሻ ጡንቻችሁ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚውለው። ስልኩን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉት። ሌሊት የሚያስፈራችሁ ግሩፕ ካለ ደግሞ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሩ። እናት፣ አክስት፣ ስም ጠሪ መምህር፣ ሐኪም፤ ማንም ይሁን። ብቻችሁን አትጠብቁት።

ወደ ሐኪም በፍጥነት መምጣት ያለባችሁ መቼ ነው?

ሁሉም ራስ ምታት የእንቅልፍ አይደለም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ጠዋት ከትውከት ጋር የሚመጣ፣ እየባሰ የሚሄድ፣ የእይታ ለውጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የሚጥል በሽታ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት ምርመራ ያስፈልገዋል። ልጃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካዘነ፣ ከሰው ከራቀ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከተወ ወደ ሐኪም አምጡት። "መኖር አልፈልግም" ካለ ግን "ለማስፈራራት ነው" አትበሉ። ብቻውን አትተዉት፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ያቺ የ15 ዓመት ልጅ ከወር በኋላ ተመልሳ መጣች። ኤምአርአይ አላዘዝኩላትም፤ አላስፈለጋትም ነበር። ስልኳ እናቷ ክፍል ያድራል። እናትየው ከስም ጠሪ መምህሯ ጋር ተነጋግረው ግሩፑን የከፈቱት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተጠርተዋል። ራስ ምታቷ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን በሳምንት አንዴ ሆኗል። "አሁንስ ማታ ምን እንደሚባል ማወቅ አትፈልጊም?" አልኳት። "እፈልጋለሁ" አለች። "ግን እንቅልፌ ይመጣል።"

ዛሬ ማታ ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር አድርጉ። ተነሱና የልጃችሁ ስልክ የት እንደሚያድር እዩ። ምን እንዳገኛችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የትምህርት ቤታችሁ የወላጆች ግሩፕ ካለም እዚያ ሼር አድርጉት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት ብቻ ይሁን።

መልካም ጤንነት፣ መልካም እንቅልፍ!